ስለ ፒካፕ ፍሬን፤ ከጋራዥ በፊት በቤት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

የንግድ ዕቃ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ፒካፕ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሆነ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። በዚህ መንገድ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ወለል ቢነካ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። ሆኖም ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን አስቀድሞ በፔዳሉ ላይ ያሳያልና ባለመኪናው በግቢው ሆኖ ሊረዳው ይችላል። ይህንንም ማወቁ ላልተበላሸ መለዋወጫ ገንዘብ ከማውጣት ያድነዋል።

መኪናው በሜዳ ላይ ይቆማል፤ ከጎማዎቹም ሥር ድንጋይ ይደረጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ ይረገጣል፤ ከዚያም እግር ሳይነሣ ሞተሩ ይነሣል። ፔዳሉ በጥቂቱ ዝቅ ካለ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ደኅና ነው። ደርቆ ከቀረ ግን ሰርቮውና ከሞተሩ ወደ እርሱ የሚሄደው ቱቦ ሊታዩ ይገባል።

ፔዳሉ ለስልሶ፣ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ቢሆን፣ በመስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል ወይም የኋላው የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ርቋል ማለት ነው። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ ነገሩ የከፋ ነው፤ ዘይት በአንድ ቦታ ይፈሳል፣ ካልፈሰሰም በዋናው የፍሬን ፓምፕ ውስጥ ያለው ጎሚኒ አርጅቷል። እንዲህ ያለው መኪና ተጭኖ ወይም ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ ወደ ጋራዥ አይሄድም።

ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚሳብ ቢሆን አስቀድሞ የጎማዎቹ ነፋስ ይለካል፤ ብዙ ሰው ይህን ትቶ ሸራ ይገዛል። ከአጭር ጉዞ በኋላ እጅን ሳያስነኩ ወደ ቸርኬዎቹ ማስጠጋት ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ የሚግል ከተገኘ በዚያ በኩል ፍሬኑ ተጣብቆ አይለቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው ግን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የመፍያ ልኩ ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማነስ የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚፈለግበት ልክ ግን 140 ብቻ ነው። ለዶት 4 ልኮቹ 230 እና 155 ናቸው። በረዥም ቁልቁለት የጋለ ፍሬን ያረጀውን ዘይት ሲያፈላው እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎትም ይታመቃልና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። መኪናው ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ስለዚህም ጋራዥ ሲደርስ «ምንም የለበትም» ተብሎ ይሰናበታል። ዘይቱን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ ከዚህ ያድናል። የመለዋወጫ ነጋዴም ከተከፈተ ጣሳ እየቀነሰ መሸጡን ቢተው መልካም ነው፤ ተከፍቶ የሰነበተ ዘይት ሳይሠራበት ያረጃል። በዚህ ፈንታ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል።

ሸራው ሲታይ በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት አይገባም። አቧራውም በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አይነፋም፤ በአንዳንድ ሸራ ውስጥ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ይገኛልና በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ሸራ ሲለወጥ የግራውና የቀኙ በአንድነት ነው።

ከጥገና በኋላ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጣል። የመጀመሪያውም ሙከራ ያለ ጭነት፣ በሜዳ መንገድ፣ በዝግታ ይደረጋል።