«ጃም ላይ ሕግ የለም»፦ ባንድ የሚበትን ተረት

ሙዚቀኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ የምትደጋገም አባባል አለች፦ «ጃም ላይ ሕግ የለም፤ ስሜትህን ተከትለህ መጫወት ነው።» ለጆሮ ትጥማለች፤ ጀማሪንም ታደፋፍራለች። እኔ ግን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ይህች አባባል ጎበዝ ድራመሮችን ከልምምድ ክፍል ስታባርር፣ ገና ስም ያልወጣላቸውን ባንዶች ስትበትን አይቻለሁ። ስለ ጊታር የሚነገሩ ሌሎች ተረቶችም አሉ፤ እነሱን ኋላ ላይ ባጭር ባጭሩ እንነካካቸዋለን። የዚህችኛዋ ጉዳት ግን ስለበዛ ሰፋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ነገሩ በተግባር ይህን ይመስላል። በሰዓት የሚከፈልበት የልምምድ ክፍል ነው። ዘፋኟ ኢንትሮው ስንት ዙር እንደሚሄድና አዝማቹ የት ላይ እንደሚገባ ለኪቦርዲስቱ እያስረዳች ነው። ጊታሪስቱ አምፕሊፋየሩን ሳይቀንስ ትናንት ከቪዲዮ ያጠናትን ሶሎ ይደጋግማል። እሷ ለመሰማት ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ እሱም ሳይታወቀው ክሩን ጠንከር አድርጎ ይመታል። «በሉ እንጀምር» ሲባል ቀና ብሎ «በምን ነበር?» ይላል። ዘፈኑ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ስልኩ ይበራል፤ ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ ኮርዱን አንድ ባር ቀድሞ ይቀይራል። ይቆማል፣ እንደገና ይጀመራል። ድራመሩ ዱላዎቹን ስኔሩ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን ያያል። ትንሽ ቆይቶ ያ ድራመር «ሥራ በዛብኝ» ብሎ መምጣቱን ያቆማል። ሥራ አልበዛበትም።

አባባሏ ከባዶ ሜዳ እንዳልመጣች አምናለሁ። ስሜት የሌለው ሙዚቃ ሰው አይነካም። ኖታው ላይ ተተክሎ አጠገቡ ያለውን ሰው ቀና ብሎ የማያይ ተጫዋችም ጥሩ አጋር አይሆንም። በእኛም ባህል ቢሆን ፈጠራው በቅጽበት የሚወለድበት ቦታ አለ፤ አዝማሪ የሚለውን ሁሉ ከቤቱ ጽፎ አይመጣም። ግን አዝማሪ ቤት ስትገቡ የሚሆነውን ልብ በሉ። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፣ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪውም ሰምቶ በዜማው ልክ አድርጎ ያወጣዋል። ማሲንቆው ከቅኝቱ አይወጣም፣ ምቱም አይዛነፍም። አንዲት ቃል ብታመልጠው ቤቱ በሙሉ ያውቅበታል። ያ ሁሉ ነፃነት የቆመው ሰውየው ጆሮውን ስለሰጠ ነው። ጆሮ ካልተሰጠ ተቀበልም የለ፣ ጨዋታም የለ።

«የጃዝ ሊቆች ሳይለማመዱ ነበር የሚቀርጹት» የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚጠሩት የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። እርግጥ ነው፣ አልበሙ በ1959 እ.ኤ.አ. የተቀረጸው በሁለት የስቱዲዮ ቀጠሮዎች ብቻ ነው፤ ሙዚቀኞቹም የተሰጣቸው የተሟላ ኖታ ሳይሆን አጫጭር ንድፍ ነበር። ግን የመጀመሪያውን ሥራ፣ «ሶ ዋት»ን፣ ባር በባር ቁጠሩት። ዙሩ 32 ባር ነው። 16ቱ በዲ ዶሪያን ይሄዳሉ፤ ቀጥለው 8ቱ ግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው በኢ ፍላት ይሆናሉ፤ የመጨረሻዎቹ 8 ወደ ዲ ይመለሳሉ። ሳክስፎኒስቶቹ ኮልትሬንም ሆነ ካኖንቦል አደርሊ በዚህ ላይ እንደልባቸው የሚንሸራሸሩት 17ኛው ባር መቼ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። በዚያች ባር ልቡ ሌላ ቦታ የሄደ ተጫዋች ቢኖር ኖሮ ግማሽ ድምፅ ወርዶ ብቻውን ይቀር ነበር። ይህን አልበም ለዝርክርክነት ምስክር አድርጎ መጥራት አልበሙን በደንብ አለመስማት ነው።

ወደ ቤታችን እንምጣ። እዚህ አገር ጃም ላይ ደጋግሜ የምሰማው ስህተት አንድ ነው። ዘፋኙ «ትዝታ ማይነር፣ በኤ» ይላል። ድምፆቹ አምስት ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። ጊታሪስቱ «ማይነር» የምትለዋን ብቻ ይይዝና አምስተኛው ፍሬት ላይ የለመዳትን ማይነር ፔንታቶኒክ ስኬል ያወጣል፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ሦስቱ ድምፆች ይገጥማሉ፤ የተሳካለት የሚመስለውም ለዚህ ነው። ዲ እና ጂ ግን በዚህ ቅኝት ውስጥ የሉም። ለትዝታው ያንን ሆድ የሚያባባ ቃና የሚሰጡት ቢ እና ኤፍ ደግሞ ጨርሶ አልተነኩም። ዘፋኙ ኤፍ ላይ ሲያርፍ ጊታሩ ጂ ላይ ይጮኻል። ያ ፔንታቶኒክ ስኬል በድምፆቹ አቀማመጥ ከባቲ ማይነር ጋር አንድ ነው፤ ባቲ ቢባል ኖሮ ልጁ እዚያው ቦታ ላይ ሆኖ ባማረበት ነበር። የጣት ችግር የለበትም። የቅኝቱ ስም ሲጠራ ስላልሰማ ነው የወደቀው። ችክችካ በስድስት ስምንተኛ እየሄደ ሳለ በአራት አራተኛ ዘው የሚለውም እንዲሁ ነው።

ይህ ያለመስማት ችግር ለምን በጊታሪስት ላይ ጎልቶ ይታያል? እኔ የደረስኩበት ምክንያት የአማማሩ መንገድ ነው። ዛሬ አብዛኛው ወጣት ጊታር የሚማረው ብቻውን፣ ክፍሉን ዘግቶ፣ ከቪዲዮና ከተቀዳ አጃቢ ጋር ነው። የተቀዳ አጃቢ አይሳሳትም፣ አይጠብቅም፣ «ቀንስልኝ» አይልም፤ ልጁ ቢቆምም ይቀጥላል። ለዓመታት ከእንዲህ ዓይነት አጋር ጋር የተጫወተ ሰው ሌሎቹ እሱን እንደሚሰሙና እሱም እነሱን መስማት እንዳለበት የሚያውቅበት አጋጣሚ አያገኝም። ስለዚህ ልጁ ላይ ብዙም አልቆጣም። የምቆጣው በሙያው በቆዩት ላይ ነው። እነሱ ራሳቸው በከባድ ዲሲፕሊን አድገው ሲያበቁ ለወጣቱ «ዝም ብለህ ልቀቀው» ብለው ይመክሩታል። ምክሩ ለእነሱ ይሠራል፤ ቅኝቱም፣ ዙሩም፣ ምቱም ሳያስቡት ደማቸው ውስጥ አለ። ይህን ሳይነግሩት ልጁን ባዶ እጁን ይልኩታል። አንዳንዱ ልጅ ሰው እያወራ ክሩን የሚነካካው ፈርቶም ሊሆን ይችላል፤ ዝምታው ያስጨንቀዋል። ፍርሃቱን ከንቀት ሁልጊዜ መለየት አልቻልኩም። ውጤቱ ግን ለድራመሩ ያው ነው።

ቀሪዎቹን ተረቶች እንግዲህ ቶሎ ቶሎ እንያቸው።

«ሪትም ጊታር ሶሎ ያቃተው ሰው ቦታ ነው።» ውሸት። ፍሬዲ ግሪን ካውንት ቤዚ ባንድ የገባው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1987 እስኪሞት ድረስ ለ50 ዓመት ገደማ ሥራው በየምቱ ኮርድ መምታት ነበር። ሶሎ አይጫወትም ማለት ይቻላል፤ ያ ባንድ ግን በእሱ እጅ ላይ ይራመድ ነበር። ከእኛም ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ ኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወታቸውን ዘፈኖች ስሙ፤ ዘፋኙ ሲዘፍን ጊታሩ ቦታ ሲለቅ ይሰማችኋል።

«ካልሰማኸኝ ልጨምር።» ኤሌክትሪክ ጊታር የሚበዛበት የድምፅ ክልል ከሰው ድምፅ ጋር ይደራረባል። ስለዚህ ጊታሩ ሲጨመር በመጀመሪያ የሚጠፋው ዘፋኙ ነው፤ ከዚያ ኪቦርዱ ይጨምራል፣ ድራሙ ይጠነክራል፣ ሁሉም ይደነቁራል። የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ላይ እስከ 8 ሰዓት መቆየት ይፈቅዳሉ፤ በየ3 ዴሲቤሉ ግን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚቀረው 15 ደቂቃ ነው። ድራምና አምፕሊፋየር በታጨቀበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። ቅነሳው ከጊታሩ ቢጀምር ሁሉም ይተርፋል።

«እኔ በጆሮዬ ነው የምቃኘው።» ቤት ውስጥ ጎበዝ። ባንድ መሃል፣ ሰው እያወራ፣ ድምፅ ተለቆ ስድስት ክር በጆሮ መቃኘት ሌሎቹን ማስጠበቅ ነው። ጊታሩ ጫፍ ላይ የምትሰካው ትንሿ መቃኛ ድምፅ ሳታወጣ ትሠራለች። ሌሎቹ በ440 ኸርዝ ኤ ተቃኝተው ከሆነ እናንተም እዚያው ሁኑ።

«ተሰጥኦ ስላለው ይታለፍ።» በዚህ የታለፈ ሰው ሲሻሻል አላየሁም። በግልጽና በአክብሮት ተነግሮት የተሻሻለ ግን አይቻለሁ።

ባንድ የምትመሩ ከሆናችሁ ዘፈን ከመጀመሩ በፊት አራት ነገር ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ ቅኝቱን፣ ቁልፉን፣ ምቱን፣ ምልክት የሚሰጠውን ሰው። ከዚያ ጊታሪስቱ መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። መመለስ ካልቻለ አትጀምሩ።

ጊታሪስቶች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ሰው ሲናገር ጊታሩ ላይ ያለውን ቮሊውም ወደ ዜሮ አውርዱ፤ ስልካችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ከዚያ ሶሎው ይደርሳችኋል፤ ያን ጊዜ ድራመሩም ከእናንተ ጋር ይኖራል።