አገልጋይ የሌለው አገልግሎት የለም፦ ስለ «ሰርቨር አልባ» አሠራር ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ማብራሪያ

በጀሞ፣ በለቡ፣ በሐና ማርያምና በአካባቢያቸው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና አዳዲስ ሰፈሮች ከተገነቡ ወዲህ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኙ አጥቢያዎች የሚመዘገቡ ምእመናን ቁጥር ጨምሯል። ቀድሞ እያንዳንዱን ቤት በስም ያውቅ የነበረው ካህን ዛሬ መዝገብ ሳያይ የማያውቃቸው ብዙዎች ናቸው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላም የአባልነት መዋጮ በስልክ መክፈል እየተለመደ መጥቷል። በዚህ ምክንያት ሰበካ ጉባኤያት የጥምቀት መዝገብን፣ የአባላትን ዝርዝርና የገቢ ደረሰኝን በኮምፒዩተር ለመያዝ ሲመክሩ፣ ከባለሙያዎች «ሰርቨር አልባ» የሚል አሳብ ይቀርብላቸው ይሆናል። ይህ ጽሑፍ አሳቡን በማብራራት ከውሳኔ በፊት ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያመለክታል።

ስለ ስያሜው

ሰርቨር ማለት አገልጋይ ማለት ነው። ስያሜው በቀጥታ ከተወሰደ «አገልጋይ የሌለው» የሚል ትርጉም ስለሚሰጥ ያሳስታል። ኮምፒዩተሩም ጠባቂውም አሉ፤ የቀረው ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ስለ ኮምፒዩተሩ ማሰቡ ብቻ ነው። አሠራሩ በሰፊው የታወቀው አማዞን በኅዳር 2007 ዓ.ም. ላምዳ የተባለውን አገልግሎት ባስተዋወቀ ጊዜ ነው፤ ተጠቃሚው የሚከፍለው ፕሮግራሙ ለሠራበት ጊዜ ብቻ ነበርና። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ጉግል ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ኬኔቲቭ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ይፋ አደረገ። ይህም ተመሳሳዩን አሠራር በራስ ኮምፒዩተሮች ላይ ለማቋቋም አስቻለ።

ኮንቴይነርና ክላስተር

ኮንቴይነር አንድን ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ የያዘ ጥቅል ነው፤ ወደየትኛውም ተስማሚ ኮምፒዩተር ቢወሰድ እንደነበረ ይሠራል። ክላስተር ደግሞ እንደ አንድ ሆነው የሚሠሩ የበርካታ ኮምፒዩተሮች ኅብረት ነው። ጥቅሎቹን በኮምፒዩተሮቹ ላይ የሚያከፋፍለውና የወደቀውን የሚያነሣው ሶፍትዌር ኩበርኔቲስ ይባላል። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን የመርከብ መሪ ማለት ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 በግሪኩ ንባብ የመርከቡ መሪ የተጠራበት ቃል ይኸው ነው።

ለክላስተር ቢያንስ ሦስት ኮምፒዩተሮች የሚመከሩት በምልዓተ ጉባኤ ምክንያት ነው። ኮምፒዩተሮቹ ማናቸውንም ለውጥ የሚያጸድቁት በአብላጫ ድምፅ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ምልዓተ ጉባኤውን ስለሚያሟሉ ሥራው ይቀጥላል። ሁለት ብቻ ቢሆኑ ግን የአንዱ መጥፋት ጉባኤውን ያጎድላል። ሦስቱም በአንድ የመብራት መስመር ላይ ቢሆኑ መብራት ሲጠፋ አብረው ስለሚጠፉ፣ ባትሪ ወይም ጄኔሬተር ከዕቅዱ ሊለይ አይገባም።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

በክብረ በዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የሚዘረጉትን የደረሰኝ ጠረጴዛዎች እናስብ። ሰልፉ ሲረዝም ጠረጴዛ ይጨመራል፤ ሕዝቡ ሲበተን ይነሣል። ኬኔቲቭም እንዲሁ የሚመጣውን ጥያቄ እየቆጠረ የኮንቴይነሩን ቅጂ ያበዛል፣ ይቀንሳል። ለጥቂት ደቂቃዎች ማንም ካልመጣ ቅጂውን ፈጽሞ ያነሣል፤ ጥያቄ ሲመጣ ዳግመኛ ያስነሣል። ከዚህ የተነሣ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ጥቂት ሰከንዶች ሊጠብቅ ይችላል። ይህ ለማይፈለግበት አገልግሎት አንድ ቅጂ ሁልጊዜ ነቅቶ እንዲቆይ ማዘዝ ይቻላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ኮምፒዩተሮቹ የአጥቢያው ንብረት ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ ቢተኛም እነርሱ እንደበሩ ናቸው። ስለዚህ አንድ አጥቢያ ብቻውን ቢያቋቁም የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው አጥቢያዎች ሲተባበሩ ነው። የቅዱስ ሚካኤል ደብር ሥራ የሚበዛበት በ12 ነው፤ የቅዱስ ገብርኤል በ19፣ የእመቤታችን በ21፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ በ23። አንዱ ሲያርፍ የለቀቀውን አቅም ሌላው ይጠቀምበታል። ለየብቻ ብዙ ኮምፒዩተር ከመግዛት፣ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ክላስተር በጋራ ማቆም ይቀላል።

የአቋቋም ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ አንድ የተወሰነ ሥራ ይመረጣል፤ ለምሳሌ መዋጮ ሲገባ ደረሰኝ በአጭር የጽሑፍ መልእክት መላክ። ፕሮግራሙ ተጽፎ በኮንቴይነር ይጠቀለላል። ከዚያ በሦስቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ኩበርኔቲስ ይጫናል፤ ለአነስተኛ ኮምፒዩተሮች ኬ3ኤስ የተባለው ቀላል ዓይነት ይበቃል። በላዩ ኬኔቲቭ ይጫንና ፕሮግራሙ ይሰማራበታል። በመጨረሻም ከበዓል በፊት ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ እየላኩ መፈተን ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ሊዘነጋ የማይገባው መዝገቡ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኮንቴይነር ሲነሣ በውስጡ የተጻፈው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የጥምቀትና የገቢ መዝገብ በኮንቴይነሩ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በተዘጋጀ የመረጃ ቋት ውስጥ ይቀመጣል፤ ቅጂውም በየዕለቱ ወደ ሌላ ሥፍራ ይወሰዳል። የብራና መጻሕፍትን በዕቃ ቤት የሚጠብቁ አባቶች የዚህ ጥንቃቄ ምክንያት አይሰወራቸውም።

ከውሳኔ በፊት

ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ጥያቄዎችን በቃለ ጉባኤ ቢመልሱ ይመከራል። አንደኛ፣ ኃላፊው ማን ነው? ሶፍትዌሩ በነፃ ቢገኝም የሚያድሰውና የሚጠግነው ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሥራውን የሚያውቀው አንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሲሄድ ሁሉም ይቆማል። ሁለተኛ፣ ወጪው በምን ገንዘብ ነው? ከውጭ የሚከራይ አገልግሎት በዶላር ስለሚከፈል፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ በብር ሲታሰብ እጅግ ከብዷል። ሦስተኛ፣ መዝገቡን ማን ያያል? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ክላስተሩ የጋራ ቢሆንም የአንዱን አጥቢያ መዝገብ ሌላው ሊከፍተው አይገባም።

አባላቱ ጥቂት መቶ ቤተሰብ ለሆነ አጥቢያ አንድ ተራ ኮምፒዩተርና በጥንቃቄ የሚያዝ ቅጂ ይበቃዋል። አሠራሩ የሚጠቅመው መዝገባቸው ለበዛና ለመተባበር ለተስማሙ አጥቢያዎች ነው። ስለዚህ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ሊደረግ የሚገባው የመጀመሪያ ሥራ የጎረቤት ሰበካ ጉባኤያትን ጠርቶ መመካከር ነው።