የቀንዱ ወፍና የበርጋ ረግረግ

በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ በተሰለፉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች፣ ከመስቀሉና ከመሶቡ መካከል የማይጠፋ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም ከከብት ቀንድ ተቀርጾ አንገቱን ወደ ላይ የመዘዘ ወፍ ነው። ጠቢቡ ይህን ወፍ ለማውጣት ከቄራ የመጣውን ቀንድ በፈላ ውኃ ቀቅሎ በውስጡ ያለውን አጥንት ያወጣል፤ ቀጥሎም በእሳት ሙቀት አለስልሶ የሚፈልገውን ቅርጽ ያስይዘዋል፤ በመጋዝ ቆርጦ፣ በሞረድ ሞርዶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ካበቃ በኋላ በዘይትና በጨርቅ ያወለውለዋል። የቀንዱ ጥምዝ አንገት፣ ጥቁሩ ጫፉም ምንቃር ስለሚሆንለት፣ ከሥራው እኩሌታውን በሬው ራሱ አስቀድሞ ሠርቶ አቆይቶታል ማለት ይቻላል። እኔን ቅር የሚያሰኘኝ ግን ይህ ወፍ ብዙ ጊዜ ስም የሌለው መሆኑ ነው፤ ሽመላ ይሁን ሌላ የውኃ ወፍ ሻጩም አይናገር፣ ገዥውም አይጠይቅ፤ ከተሸጠም በኋላ ለሕያዋኑ አዕዋፍ የሚተርፍላቸው ነገር የለም።

አዕዋፍን በምስል መቅረጽ በአገራችን ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኘው ጥንታዊ የብራና ወንጌል ላይ በሐረግና በዓምድ መካከል የተሣሉ አዕዋፍ አሉ፤ ከመካከለኛው ዘመን የመጡ አንዳንድ የመጾር መስቀሎችም በጠርዛቸው ትንንሽ ወፎች ተቀርጸውባቸዋል። የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የሰጎን እንቍላል ይዞ ሲቆም ያየ ሰው ምሥጢሩን ቢጠይቅ፣ ሰጎን ከእንቍላሏ ላይ ዓይኗን እንደማታነሣ፣ ምእመንም ልቡን ከአምላኩ እንዳያነሣ የሚያስተምር ምሳሌ ነው ይሉታል። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በአክሱም ዘመን የተተረጐመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየዘረዘረ በዚሁ መንገድ ይተረጕማል። አባቶቻችን እንግዲህ ወፍን ሲሥሉ ስለ ነፍስ ለመናገር ነበር፤ ወፉ ራሱ ይጠፋል ብለው የሚሠጉበት ምክንያት በዚያ ዘመን አልነበራቸውም።

ይህ ሥጋት በመጣበት ዘመን የወፍን ሥዕል ለወፍ ቤዛ ማድረግን በግልጽ ያሳየች አገር አሜሪካ ናት። ረግረጉ በድርቅና በእርሻ እየጠፋ የውኃ አዕዋፍ ቍጥር ባሽቈለቈለ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ሕግ የውኃ ወፍ ለማደን የሚወጣ ሰው በየዓመቱ የዳክዬ ሥዕል ያለበት ቴምብር እንዲገዛ አዘዘ። የመጀመሪያውን ሥዕል ያዘጋጀው በጋዜጣ ሠዓሊነቱ የታወቀው ጄ ዳርሊንግ ሲሆን፣ ዋጋው 1 ዶላር ነበረ፤ ዛሬ 25 ዶላር ነው። ከ1949 ጀምሮ ሥዕሉ በውድድር ስለሚመረጥ ሠዓልያን በየዓመቱ ይሽቀዳደሙበታል፤ አዳኝ ያልሆነ ሥዕል ወዳድም ይገዛዋል። ከሽያጩ እስካሁን የተሰበሰበው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ገንዘቡ ረግረግና የአዕዋፍ መጠጊያ የሆነ መሬት ይገዛበታል፣ ይከራይበታል። የኛም ፖስታ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ያማሩ የወፍ ቴምብሮች በተከታታይ አውጥቶ ነበር፤ የነዚያ ዋጋ ግን ለደብዳቤው ማመላለሻ ነበር።

የኛን ረግረግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው መንገድ በስተሰሜን፣ በምዕራብ ሸዋ ምድር፣ የበርጋ ረግረግ ይገኛል፤ በዚህም በክረምቱ ሣር ውስጥ በሳይንስ ስሟ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ የረግረግ ወፍ እንቍላሏን ትጥላለች። የወንዱ ራስና አንገት ቀይ ዳማ ነው፤ ሲበር ብቻ ከክንፉ ላይ ነጩ ብልጭ ይላል፤ አለዚያ በሣሩ ሥር ሾልኮ ስለሚሄድ ከዚያው አገር ተወልዶ ያደገ ሰው እንኳ ሳያየው ሊኖር ይችላል። በዓለም ላይ ያሉት የደረሱ ወፎች ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2013 እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ውስጥ አግብቷታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ በመራቢያ ወራት ከብቱ ከረግረጉ እንዲከለከል ሠርቷል፤ ወፏ ከኛም ውጭ በዋናነት የምትታየው በደቡብ አፍሪካ ስለሆነ፣ በዚያ ያሉ ወዳጆቿ ለበርጋ ሕፃናት ትምህርት ቤት እንዲሠራ ረድተዋል። ገበሬው ሣሩን ሲለቅ ልጁ ፊደል አገኘ፤ ከዚህ የበለጠ ቅን ውል አላውቅም።

ይህንኑ ውል የእጅ ጥበብ ሊያሰፋው ይችላል፤ ነገር ግን ጥሬ ዕቃው ንጹሕ ይሁን። በሸነን አቅራቢያ ያለውን የጅባትን ደን፣ ወይም በጊንጪ በኩል የጭልሞን ደን ያየ ሰው፣ ከዋንዛና ከዝግባ የተጠረበ የእንጨት ወፍ ሲያቀርቡለት ግንዱ ከወዴት መጣ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ የሕያው ወፍ ጎጆ ተቈርጦ የእንጨት ወፍ ከሆነ ከበረከቱ ይልቅ ጉዳቱ ይበልጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅም ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ኮሶንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቍረጥን ከልክሎ ነበር። የዝሆን ጥርስ ጌጥማ አይወራም፤ መንግሥት በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የሚሆነውን በአዲስ አበባ በእሳት አቃጥሎታል። ቀንድ ግን ከታረደ በሬ የሚተርፍ ነገር ስለሆነ ዛፍም አያስቈርጥ፣ አውሬም አያስገድል።

ስለዚህ በአምቦና በአዲስ አበባ ለምትሠሩ ጠቢባንና ነጋዴዎች የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ከምትቀርጹት ወፍ አንዱን የበርጋን ወፍ አድርጉት፣ ስሙንና አገሩን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ እግሩ ላይ እሰሩለት፤ በዚያችው ወረቀት ላይ፣ ከዋጋው አጠገብ፣ ከየሽያጩ ለረግረጉ ጥበቃ የሚከፈለውን ድርሻ በብር አስፍሩ፤ ገንዘቡንም ለጠባቂዎቹ ማኅበር አስረክባችሁ ደረሰኙን ገዥ በሚያይበት ስፍራ ስቀሉት።