ከአንድ ማኅፀን የወጡ ሁለት እምነቶች

ይሁዲነት እናት፣ ክርስትና ልጅ ነው እየተባለ ለረጅም ዘመን ተነግሯል። አላን ሲጋል ግን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት መጽሐፍ ሁለቱን «የርብቃ ልጆች» አሏቸው፤ እንደ ዔሳውና ያዕቆብ መንትዮች ናቸው ማለታቸው ነው። ዛሬ ብዙ የታሪክ ምሁራን ወደዚህ አስተያየት ያደላሉ።

ማኅፀኑ የሁለተኛው ቤተ መቅደስ ዘመን ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የአይሁድ እምነት አንድ ወጥ አልነበረም። ሰዱቃውያን ትንሣኤ ሙታንን ይክዳሉ፤ ፈሪሳውያን ከተጻፈው ሕግ ጋር የአባቶችን ወግ ይጠብቃሉ፤ ኤሴናውያን በየማኅበራቸው ጥብቅ የንጽሕና ሥርዓት ይከተላሉ። የኢየሱስ ተከታዮችም በመቅደሱ እየጸለዩ ከእነዚህ መካከል እንደ አንድ ወገን ተነሡ።

እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን የተገኙት ጥቅልሎች የዚያን ዘመን ስፋት ገልጠዋል። ከመካከላቸው የመጽሐፈ ሄኖክና የኩፋሌ ቁርጥራጮች ይገኙበታል። የአይሁድ ረቢዎችም ሆኑ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳት መጻሕፍት ያልቆጠሯቸው እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ሙሉ ሆነው የተረፉት በግእዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም ቤተ እስራኤላውያንም ጠብቀው አቆይተዋቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ። መሥዋዕት በሌለበት እግዚአብሔርን እንዴት ማምለክ ይቻላል? ረቢዎቹ ጸሎትን፣ የሕግ ጥናትንና በጎ ሥራን በመሥዋዕቱ ቦታ ተኩ፤ ትምህርታቸውም በ200 አካባቢ በሚሽና ተሰበሰበ። ክርስቲያኖቹ በበኩላቸው የክርስቶስ ሞት የመጨረሻው መሥዋዕት ነው አሉ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱ ሁለት ሆነ።

ጉርብትናው ግን አልተቋረጠም። በኤፍራጥስ ዳር በነበረችው በዱራ ዩሮፖስ ምኵራቡና የክርስቲያኖቹ የጸሎት ቤት በከተማዋ ምዕራባዊ ግንብ ሥር፣ በአንድ መንገድ ላይ ነበሩ። በምኵራቡ ግድግዳ ሳሙኤል ዳዊትን ሲቀባ፣ በክርስቲያኖቹ ማጥመቂያ ክፍል ደግሞ ዳዊት ጎልያድን ሲጥል ተሥሏል። እ.ኤ.አ. በ256 አካባቢ ፋርሶች ከተማዋን ሲከብቡ ግንቡን ለማጠናከር የተከመረው አፈር ሁለቱንም ቀበራቸው፤ ሥዕሎቹም እስከ 1930ዎቹ ቁፋሮ ድረስ ተጠብቀው ቆዩ።

መለያየቱን ያጠበቁት በዋናነት የሃይማኖት መሪዎች ናቸው። ጉባኤ ኒቅያ እ.ኤ.አ. በ325 የትንሣኤ በዓል የአይሁድን ስሌት እንዳይከተል ወሰነ። ከ60 ዓመት በኋላም ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ወደ ምኵራብ የሚሄዱ ምእመናንን አጥብቆ ይገሥጽ ነበር። በአንዱ ስብከቱ፣ አንድ ክርስቲያን ነኝ ባይ አንዲትን ክርስቲያን ሴት በምኵራብ እንድትምል ሲያስገድዳት ማየቱን ይናገራል። ሰውዬው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲጠየቅ፣ በዚያ የሚማል መሐላ ይበልጥ ይፈራል ሲሉ ከብዙዎች መስማቱን ተናገረ።