የመገጣጠሚያ ሕመምን በቤት ማስታገስና የሕክምና እርዳታ የሚያስፈልግበት ጊዜ

በተለምዶ «ቁርጥማት» የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም መንስኤው ልዩ ልዩ በመሆኑ ሕክምናውም ይለያያል።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የጉልበት ሕመም ለማስታገስ ከመጠን ያለፈ ክብደትን መቀነስ፣ በየዕለቱ በመጠኑ መራመድና በሥራ ሰዓት በየመሐሉ ከወንበር ተነስቶ መንቀሳቀስ ይረዳል። ለአዲስ እብጠት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መያዝ ሕመሙን ያቀልላል።

እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካስከተለ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በልጆች ላይ የጉሮሮ ሕመምን ተከትሎ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመምም ልብን ለዘለቄታው የሚጎዳ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ሊዘገይ አይገባም።