የትራክተር ገልባጭ ተሳቢ አያያዝና የብልሽት መፍትሔ
ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

መግቢያ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው የወገራ ደጋና በስሜን ግርጌ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚወቃበትና የሚጓጓዝበት ጊዜ አጭር ነው። አውድማ ላይ የተከመረ እህል ያለወቅቱ የመጣ ዝናብ ቢያገኘው የዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ይበላሻል። ስለዚህ ትራክተርና ገልባጭ ተሳቢ ያለው ወይም ተከራይቶ የሚሠራ ማኅበር ተሳቢው በሥራው ሰሞን እንዳይቆምበት አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንዲት ቱቦ መፈንዳት ምክንያት መለዋወጫ ፍለጋ መሄድ ግድ ሲሆን እህሉ ሜዳ ላይ ያድራል።

ከእህሉም የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የሰው ሕይወት ነው። ከተነሣ ካሶኒ ሥር ገብቶ ሳለ ካሶኒው የወረደበት ሰው ለመሸሽ ፋታ አያገኝም። በዚህ ጽሑፍ ደጋግመን የምናሳስበው ነገር አንድ ነው፦ ሃይድሮሊክ ጭነትን ለማንሣት እንጂ ተሸክሞ ለማቆየት የተሠራ አይደለም። አቁሞ የሚይዘው መደገፊያ ብረት ብቻ ነው።

1. ተሳቢው እንዴት ይሠራል?

ገልባጭ ተሳቢ የራሱ ኃይል የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከትራክተሩ ነው። የትራክተሩ ፓምፕ ዘይቱን በቱቦ ወደ ማንሻው ሲሊንደር ሲገፋ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ተሰብስበው የነበሩት ዘንጎች እንደ ሬዲዮ አንቴና አንዱ ከሌላው እየወጡ ካሶኒውን ያነሣሉ። በብዙዎቹ ተሳቢዎች ለመውረድ ፓምፑ አይረዳም፤ ዘይቱን ወደ ትራክተሩ የሚመልሰው የካሶኒው ክብደት ነው።

በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት እንደ ትራክተሩ ዓይነት ከ150 እስከ 200 ባር ሊደርስ ይችላል። የአንድ ትንሽ መኪና ጎማ ግፊት 2 ባር ገደማ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ኃይል እንደሆነ ግልጽ ነው። ከዚህ የተነሣ በቱቦ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ፍሳሽ እንኳ ዘይትን በቆዳ ውስጥ አሳልፋ ወደ ሥጋ ታስገባለች። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ቁራጭ እንጂ በእጅ አይደለም። ዘይት በቆዳው የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም፣ ሕመምም ባይኖረው፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የዘይቱ ነገር ነው። እንደ ማሴ ፈርጉሰን ባሉ ብዙ ትራክተሮች የሃይድሮሊኩ ዘይት ከማርሽ ሳጥኑና ከኋላ አክስሉ ዘይት ጋር አንድ ነው። እንደ ቤላሩስ ኤምቴዜድ-80 ባሉት ግን ለብቻው የሆነ ማጠራቀሚያ አለው። ስለዚህ አንድ ተሳቢ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ትራክተር ሲጎተት የአንዱ ዘይት ከነቆሻሻው ወደ ሌላው ይተላለፋል። የተቻለ እንደሆነ አንድ ተሳቢ ለአንድ ትራክተር ቢመደብ መልካም ነው።

2. ከመገልበጥ በፊት

ሀ. ቦታው ሜዳ ይሁን። ካሶኒው ሲነሣ የጭነቱ ክብደት ወደ ላይ ይወጣል። ክብደቱ በ2 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንና መሬቱ በ5 ዲግሪ ወደ ጎን ቢያዘም፣ ክብደቱ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሸሻል፤ በ10 ዲግሪ ቢያዘም 35 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በዚህ ላይ አንዱ ጎማ ቢሰምጥ ወይም ጭነቱ በአንድ ወገን ቢጣበቅ ተሳቢው ይገለበጣል። ተዳፋት በበዛበት በአምቢኮና በስሜን ግርጌ ሁሉ ሜዳ ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ማራገፊያው አስቀድሞ ተመርጦ፣ ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ይቆይ።

ልኩን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በካሶኒው የኋላ ወገን መካከል ላይ 1 ሜትር ክር በድንጋይ አስሮ እንደ ቱንቢ ማንጠልጠልና ካሶኒው ሜዳ ላይ ሳለ ክሩ የሚያርፍበትን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ክሩ ከምልክቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከራቀ እንዳይገለበጥ እንመክራለን።

ለ. ትራክተሩና ተሳቢው በአንድ መስመር ይቁሙ። ትራክተሩ ወደ ጎን እንደታጠፈ መገልበጥ የተሳቢውን ሚዛን ያጠፋል።

ሐ. ፔርኖዎቹን መርምሩ። በሦስት ወገን በሚገለብጡ ተሳቢዎች ካሶኒው ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በአራት ማዕዘን ባሉ ፔርኖዎች ነው። የሚቀሩት ሁለቱ ጭነቱ በሚደፋበት ወገን ያሉት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ይወጣሉ። ፔርኖዎቹ በሰያፍ ከተተዉ ካሶኒው ይጠመዘዛል፣ ሲሊንደሩም ይጣመማል። አራቱም እንደታሰሩ ማንሣት ደግሞ ብየዳውን ይገነጥላል።

መ. ስፖንዳው አስቀድሞ ይከፈት። ሰው ከኋላና ከጎን ይራቅ። ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩ ይረጋገጥ። ካሶኒው ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ትራክተሩን ወደፊት መንዳት ክልክል ነው።

ሠ. ጭነቱን በዓይን ሳይሆን በክብደቱ ገምቱ። 1 ሜትር ኩብ ገብስ 6 ኩንታል ያህል፣ 1 ሜትር ኩብ አሸዋ ግን 16 ኩንታል ያህል ይመዝናል። በ5 ሜትር ኩብ ካሶኒ ላይ ገብስ ቢሞላ 30 ኩንታል፣ አሸዋ ቢሞላ ግን 80 ኩንታል ይሆናል። 40 ኩንታል እንዲጭን የተሠራ ተሳቢ አሸዋ ወይም ድንጋይ የሚጭነው ከግማሽ በታች ነው።

እርጥብ አፈር ወይም ፍግ ከካሶኒው ላይ አልወርድ ሲል ትራክተሩን በድንገት አስነሥቶ በድንገት በማቆም ማራገፍ ልማድ ሆኗል። ይህ ሲሊንደሩን ያጎብጣል፣ ተሳቢውንም ይገለብጣል። ትክክለኛው መንገድ ካሶኒውን አውርዶ ጭነቱን በአካፋ ማላላት ነው።

3. የዘወትር ጥበቃ

በየቀኑ፦ ቱቦው ከትራክተሩ ጋር ከመያያዙ በፊት ሁለቱም የመጋጠሚያ አፎች በንጹሕ ጨርቅ ይጠረጉ። ሲለያዩም ክዳናቸው ይደረግ፤ ቱቦው መሬት ላይ አይጎተት። የሃይድሮሊክ ጠላት ቆሻሻ ነው። በአፉ የገባች ትንሽ አሸዋ ፓምፑንና ቫልቩን ትፍቃለች፤ የሲሊንደሩንም ማሸጊያ ጎማ ትቆርጣለች።

የዘይት ልክ የሚታየው ካሶኒው ወርዶ ሳለ ነው። ካሶኒው ተነሥቶ ሳለ ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚሆን የጎደለ ይመስላል፤ ያን ጊዜ የተጨመረ ዘይት ካሶኒው ሲወርድ ሞልቶ ይፈስሳል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ይለወጥ። የፍሬን ዘይት ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፈጽሞ አይጨመር። የፍሬን ዘይት ማሸጊያ ጎማዎቹን አሳብጦ ያበላሻል።

በየሳምንቱ፦ የካሶኒው ማጠፊያዎችና የሲሊንደሩ የላይና የታች መያዣዎች ግራሶ ይሰጣቸው። የሚወጡትና የሚገቡት የሲሊንደር ዘንጎች ግን ግራሶ አይቀቡም፤ ግራሶ አቧራ ይሰበስባል። እነሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ካሶኒው ከልኩ በላይ እንዳይነሣ የሚይዘው የብረት ገመድ እንዳልተበጠሰ፣ ቱቦው እንዳልተሰነጠቀና ከብረት ጋር እንደማይፋተግ ይታይ። ቡሎኖችና ዳዶዎች ይጥበቁ።

ሥራ ሲያበቃ፦ ተሳቢው ይታጠብ፤ ዘንጎቹ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ካሶኒው ወርዶ፣ ከጥላ ሥር ይቀመጥ። ዘንጉ ወጥቶ የከረመ ሲሊንደር ክረምቱ ያዝገዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ዝገቱ ማሸጊያውን ይቆርጠዋል።

4. ብልሽትና መፍትሔ

ሀ. ካሶኒው ጭራሽ አይነሣም። መጀመሪያ መጋጠሚያው እስከ መጨረሻው መግባቱን ተመልከቱ፤ ከብልሽቱ ሁሉ በቀላሉ የሚገኘው ይህ ነው። ቀጥሎ የዘይቱን ልክ፣ ፔርኖዎቹንና የጭነቱን ክብደት መርምሩ። እነዚህ ደህና ከሆኑና ባዶው ካሶኒም ካልተነሣ ጉዳዩ የትራክተሩ ፓምፕ ወይም ቫልቭ ሊሆን ስለሚችል መካኒክ ይጠራ።

ለ. ቀስ ብሎ ወይም እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የጠዋት ዘይት ይወፍራል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ባዶውን ካሶኒ ጥቂት ጊዜ ማውጣትና ማውረድ ያሞቀዋል። ከሞቀም በኋላ ካልተሻለው ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ዘይቱ ጎድሎ ወይም አየር ገብቶ ይሆናል። ዘይቱ አረፋ ከያዘ አየር መግባቱ የተረጋገጠ ነው። ሞተሩ ራሱ እየጨሰ የሚያቃስት ከሆነ ግን ሃይድሮሊኩን አትውቀሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትር ከፍታው ከኃይሉ 1 ከመቶ ያህል ያጣል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደባርቅ ላይ ሩብ ያህል ኃይል ይቀንሳል ማለት ነው።

ሐ. የተነሣው ካሶኒ በራሱ ይወርዳል። በአንድ ወገን ብቻ በዘይት በሚገፋ ሲሊንደር የማሸጊያው ጎማ ቢያረጅ ዘይቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ይታያል። ስለዚህ በሲሊንደሩ፣ በቱቦውና በመጋጠሚያው ላይ ፍሳሽ ሳይኖር ካሶኒው የሚወርድ ከሆነ፣ ጥፋቱ የተሳቢው ሳይሆን የትራክተሩ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ይህን አለመለየት ደህናውን ሲሊንደር አስፈትቶ ገንዘብ ያስወጣል።

መ. ካሶኒው ተነሥቶ አልወርድ ይላል። ማንም ሥሩ ወይም ጎኑ አይቁም። መቆጣጠሪያው በመውረጃው ላይ መሆኑን፣ መጋጠሚያው አለመላቀቁን፣ ቱቦው አለመታጠፉን ከሩቅ ተመልከቱ። ቱቦ ፈትቶ ዘይት በማፍሰስ ለማውረድ መሞከር ክልክል ነው፤ ካሶኒው በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ዘንጉ የጎበጠ ከመሰለ ቦታውን አጥሮ መካኒክ መጠበቅ ነው።

ሠ. ካሶኒው ተጣሞ ይነሣል። ወዲያው አውርዱት። ፔርኖዎቹ በሰያፍ ታስረው ወይም ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ተቆልሎ ይሆናል። ባዶውንም ከተጣመመ ሻንሲው ወይም ብየዳው ይመርመር።

5. ከካሶኒው ሥር ሲሠራ

ግራሶ ለመስጠትም ሆነ ለጥገና ከካሶኒው ሥር የሚገባ ሰው እነዚህን አራት ነገሮች በቅደም ተከተል ይፈጽም፦ ጭነቱን ያራግፍ፤ መደገፊያውን ብረት በቦታው ያቁም፤ ካሶኒው በብረቱ ላይ እስኪያርፍ ዝቅ ያድርግ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን በኪሱ ይያዝ። የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም የተካበ ድንጋይ መደገፊያ አይሆንም፤ ግንዱ ይንሸራተታል፣ ድንጋዩ ይፈነቀላል። ከተሳቢው ጋር የመጣው መደገፊያ ከጠፋ ማኅበሩ በልኩ ያሠራ፤ በሻንሲውም ላይ በማያያዣ ይሰር። የተጫነ ካሶኒ ግን በመደገፊያም ቢሆን ሰው አይግባበት።

6. የማኅበሩና የልማት ሠራተኛው ድርሻ

ዕቃው የሁሉም ሲሆን የማንም እንዳይሆን ማኅበሩ ለተሳቢው አንድ ተጠሪ ይሰይም። ግራሶ የተሰጠበት፣ ዘይት የተጨመረበትና ብልሽት የታየበት ቀን በደብተር ይጻፍ። በየጊዜው የሚጨመረው ዘይት እየበዛ መሄዱ ፍሳሽ መኖሩን ከሁሉ ቀድሞ የሚናገረው ይህ ደብተር ነው። አንድ ቱቦ፣ አንድ ሙሉ የማሸጊያ ጎማ፣ የመጋጠሚያ ክዳኖች፣ የግራሶ ፓምፕና 10 ሊትር ዘይት በመጋዘን ይኑሩ። ማሸጊያው ሲገዛ የሲሊንደሩ ልክ በትክክል ይያዝ።

የልማት ሠራተኛው ደግሞ አጨዳ ሳይጀመር፣ በጥቅምት፣ ሾፌሩንና የማኅበሩን አባላት ሰብስቦ በባዶ ተሳቢ ሥራውን ያሳይ። ቱንቢው ሲንጠለጠል፣ ፔርኖው ሲወጣ፣ መደገፊያው ሲቆም በዓይን ያየ ሰው የጽሑፉን ምክር አይረሳም። ልጆች በተነሣ ካሶኒ ጥላ ሥር እንዳይቀመጡ ለወላጆች ይነገር።

ማጠቃለያ

አፉ የተጠረገ ቱቦ፣ ሜዳ የሆነ ማራገፊያና በቦታው የቆመ መደገፊያ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ማኅበር ከብልሽቱ አብዛኛውን ሳይመጣ ይከላከላል፤ የመጣውንም ከሥሩ ለይቶ ያውቃል፤ እህሉንም ዝናብ ሳይቀድመው ወደ ጎተራ ያስገባል።