የታመመ ጥርስ በራሱ ቢተውዎት ድኗል ማለት ነው?

የጥርስ ሕመም ቀን ያዘናጋና ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ይነሳል። በዚያ ሰዓት እቤት የተገኘው ሁሉ መድኃኒት ነው። አንዱ ቅርንፉድ ይነክሳል፤ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ይወትፋል፤ አረቄ የሚጉመጠመጥም አይጠፋም።

አንድ የአዲስ አበባ ሾፌርም ያደረገው ይህንኑ ነበር። የታችኛው የመንጋጋ ጥርሱ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠዘጥዘው ከርሞ አንድ ቀን ድንገት ተወው። «እሰይ ተገላገልኩ ብዬ ለሐኪም የያዝኳትን ብር ለሌላ ጉዳይ አዋልኳት» ይላል። ከሦስት ወር በኋላ ግን ጉንጩ አብጦ፣ አፉን መክፈትም ሆነ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በሰው ድጋፍ ሆስፒታል ገባ።

ለመሆኑ ጥርሱ ሳይታከም ለምን ተወው? ብዙዎቻችን ጥርስን ትል ይበላዋል ስንል አድገናል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። አፋችን ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም ጥርስን ይቦረቡራል። ቀዳዳው ነርቩ ጋ ሲደርስ ሕመሙ ይጠናል። ነርቩ ሲሞት ደግሞ ሕመሙ ጸጥ ሊል ይችላል። ኢንፌክሽኑ ግን ወደ ሥሩ ወርዶ መግል ይቋጥራል። በተለይ ከታችኛው መንጋጋ የተነሳ እብጠት ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ የአየር መተላለፊያን ዘግቶ ሊገድል ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቅርንፉድ ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ አያድንም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ሥጋውን ያቃጥላልና ይቅርብዎ።

«ያበጠ ጥርስ አይነቀልም» ብለው እቤት አይቀመጡ። የሚነቀልበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መዋጥም ብቻውን አይበቃም፤ እብጠቱ ቢጎድል እንኳ ምንጩ እዚያው ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ማስሞላት ይቻላል፤ ነርቩ ከተነካ የነርቭ ሕክምና አለ፤ ያ ካልሆነ ይነቀላል።

እብጠቱ ትኩሳት ካመጣ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን «ይንጋ» አይበሉ፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂዱ።

ጥርስ ከተነቀለልዎ ደግሞ ፋሻውን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰው ይያዙ። የዚያን ዕለት አይጉመጥመጡ፤ ሲጋራም አያጭሱ። የረጋው ደም ቁስሉን የሚሸፍን ክዳን ነው።

ከሁሉ የሚረክሰው ግን አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለቴ፣ አንዱን የግድ ከመኝታ በፊት ይቦርሹ። አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አጥበው አይጨርሱት። መፋቂያም ከውስጥ በኩል ያለውንና የኋላውን መንጋጋ ካዳረሱበት ጥሩ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ ቀኑን ሙሉ ፉት ማለት ግን ጥርስን እረፍት ይነሳዋል።

ሾፌሩ ተርፏል። «ሲያመኝ ፈርቼው ነበር፤ ሲተወኝ ነው መፍራት የነበረብኝ» ይላል ዛሬ። እርስዎስ አምና ታሞ የተወዎት ጥርስ የለም?